ከመወሰናችን በፊት ወይስ ከወሰንን በኋላ?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የሥልጠና መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በዕለት ተዕለት ጸሎትና በእምነት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ስለ መጠየቅ ነው። በዚህ ጉባኤ ጸሎትን የማያውቅ የለም፤ ብዙዎቻችሁም እኔን ልታስተምሩኝ የምትችሉ ናችሁ። ስለዚህ በአዲስ ትምህርት ሳይሆን እኔ ራሴ በተገሠጽሁበት ነገር እጀምራለሁ።

ከዓመታት በፊት በአባልነት ባገለገልሁበት አጥቢያ ምንጭ ለማጎልበት የሚሆን ድጋፍ ተገኘ። ቦኖው የት ይተከል የሚለውን ለመወሰን ተሰበሰብን። አንድ አባት ጸሎት አደረሱ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አጠገብ እንዲሆን ተስማማን። ለእኛ ቅርብ ነበር፤ ለቁጥጥርም ይመቻል አልን። ሥራው አልቆ በተመረቀ ማግሥት ከቁልቁለቱ በታች ካለው መንደር አንዲት አረጋዊት እናት ጀሪካን አዝለው፣ ዐቀበቱን ወጥተው መጡ። ሊቀ መንበራችንን እጅ ነሥተው እንዲህ አሉ፦ «አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውኃው መልካም ነው። ግን ያን ዕለት የወሰናችሁትን ለእግዚአብሔር ነገራችሁት እንጂ መቼ ጠየቃችሁት?»

መልስ አልነበረንም። ጸሎታችንን በቃለ ጉባኤ ላይ እንደሚመታ ማኅተም አድርገነው ነበር፤ ማኅተም ደግሞ የሚመታው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ስልቻና የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር የመጡ መስለው በቀረቡ ጊዜ፣ የእስራኤል አለቆች ስንቃቸውን አይተው ቃል ኪዳን ገቡላቸው፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ከ3 ቀን በኋላ ሰዎቹ የቅርብ ጎረቤቶች መሆናቸው ታወቀ። አለቆቹ ዓይን ነበራቸው፤ ማስረጃም መርምረዋል። የጎደላቸው ቆም ብሎ መጠየቅ ነበር።

ነህምያን ደግሞ እንመልከት። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሱሳ ሆኖ በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ ጾመ፤ 4 ወር ያህል በጸሎት ቆየ። ንጉሡ አርጤክስስ ምን እንደሚሻ በጠየቀው ጊዜ፣ ከጥያቄውና ከመልሱ መካከል ባለችው አጭር ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ያቺ የአንዲት ትንፋሽ ጸሎት የበረታችው 4 ወር ስለ ቀደማት ነው። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም 3 ቀን ቆይቶ፣ በሌሊት ተነሥቶ ፍርስራሹን በዓይኑ መረመረ፤ ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ ተናገረ። በሥራው መካከል ድሆች በዕዳና በወለድ መጨነቃቸውን በጮኹ ጊዜም ጆሮውን አልዘጋም። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ጸሎት ጥናትን አላስቀረበትም፤ ጥናትም ጸሎትን አልተካበትም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርታልናለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በቀትር ጌታችን መሰቀሉን፣ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን እናስባለን። ገበሬውም ነጋዴውም ሰባቱን ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ላያደርስ ይችላል። ነገር ግን በነግህ ከሞፈሩ በፊት፣ በሠርክ ከማዕዱ በፊት በፈጣሪው ፊት የሚቆም ሰው ፈቃዱን በየዕለቱ ማስገዛት ይለምዳል። በየዕለቱ ያልለመደውን በስብሰባ ቀን ድንገት አያገኘውም። የዕለት ጸሎት ጥቅሙ ይህ ነው፤ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከራሳችን ምኞት መለየት ቀስ በቀስ ያስተምረናል።

«ታዲያ መልሱን በምን እናውቃለን?» የሚል ይኖራል። ሕልምና ምልክት ለማሳደድ አንቸኩል። ያሰብነው ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች ትምህርት ጋር ይስማማልን? የንስሐ አባታችን ቢሰሙት ይቀበሉታልን? ሙያውን የሚያውቀው ሰው ምን ይላል? ከሁሉም በላይ፣ በጉባኤው ወንበር የሌለው ድሃ ስለ ነገሩ ምን ይላል? ከእነዚህ አንዱን ለመጠየቅ ከፈራን፣ የምንፈራው ምናልባት መልሱን ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር ላሳስብ። አጀንዳው ከስብሰባው ቀደም ብሎ ይነገር፤ እያንዳንዱ አባል በቤቱ ጸሎት ያስበው። ተቀያይመው የመጡ ካሉ ጌታችን እንዳስተማረን አስቀድመው ይታረቁ። ጸሎት ከደረሰ በኋላ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ዝም እንበል፤ ከዚያም «ይህ ውሳኔ የሚነካው፣ ግን እዚህ የሌለ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ወደ ጀመርሁት ታሪክ ልመለስ። ከዚያች እናት ቃል በኋላ አንድ ሳምንት ከሠርክ ጸሎት ጋር ስለ ጉዳዩ ጸለይን። ከሰማይ ድምፅ አልመጣም። የመጣው አለመረጋጋት ነበር፤ አለመረጋጋቱም ቁልቁለቱን በእግራችን እንድንወርድ አደረገን። ወርደን እናቶችን ጠየቅን፤ መንገዱንም ቆጠርን። ምንጩ ከላይ ነውና ውኃው ወደ እነርሱ በራሱ መውረድ እንደሚችል ባለሙያው ነገረን። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ወጪውን ተቃውመው ነበር፤ ተቃውሟቸውም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። በሚቀጥለው በጋ ምእመናን በጉልበትና በገንዘብ ተባብረው መስመሩን አወረዱት።

እኒያ እናት ሁለተኛው ቦኖ በተከፈተ ቀን ቀድመው ተገኙ። የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አሁን ጠይቃችኋል።»

በየአጥቢያችን ብዙ ውሳኔ ይጠብቀናል፤ የደኑ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የረዳት አልባ አረጋውያን ነገር ሁሉ በእጃችን ነው። እግዚአብሔር አምላክ አስቀድሞ የሚጠይቅ ልብ፣ ሰምቶም የሚታዘዝ እግር ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።