የብሪታንያ የወንጀል ምርመራ ድራማ ስለ ምን ተወደደ?



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ርእስ የብሪታንያ ቴሌቪዥን የወንጀል ምርመራ ድራማ ስለ ምን ይህን ያህል ዘመን ተወዶ እንደ ቆየ የሚመለከት ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተነሣ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሕዝብ የሚወደውን መመርመር የሕዝብን ምኞት ማወቅ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ቢቢሲ «ዲክሰን ኦቭ ዶክ ግሪን» የተባለውን ድራማ ማሳየት ጀመረ። ዲክሰን በለንደን ሰፈር በእግሩ እየዞረ ጸጥታ የሚጠብቅ፥ ጠባዩ የለዘበ ፖሊስ ነው። ድራማውም እስከ 1976 ዘለቀ። በ1962 የተጀመረው «ዚ ካርስ» ግን በሰሜን እንግሊዝ በመኪና የሚዞሩትን ፖሊሶች ከነጉድለታቸው አሳየ። ከዚያም ከ1987 እስከ 2000 በኦክስፎርድ ከተማ ላይ የተመሠረተው «ኢንስፔክተር ሞርስ» በ33 ክፍሎች ቀረበ፤ የሞርስን የወጣትነት ዘመን የሚተርከው «ኢንዴቨር» ደግሞ እስከ 2023 ታየ። በ1991 «ፕራይም ሰስፔክት» በሔለን ሚረን ተዋናይነት አንዲት ሴት የመርማሪዎች አለቃ ከወንጀለኛው ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ባልደረቦቿ ንቀት ጋር ስትታገል አሳየ።

ታዲያ ተመልካቹን የሚስበው ምንድን ነው? ደም ማየት ነው እንዳንል፥ በብዙዎቹ ድራማዎች ተኩስ እጅግ ጥቂት ነው፤ በእንግሊዝ አብዛኛው ፖሊስ ጠመንጃ ሳይታጠቅ ይሠራልና። መርማሪው የሚታገለው በጥያቄ፥ በትዕግሥትና በማስተዋል ነው። ተመልካቹም ማስረጃውን አብሮ ስለሚያይ በቤቱ ተቀምጦ አብሮ ይመረምራል። ከዚህም በላይ ሀብታሙም ሆነ ሹሙ፥ ፕሮፌሰሩም ሆነ መኰንኑ ከጥያቄ አያመልጥም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ባንድ ምሽት ሲፈጸም ማየት ልብን ያሳርፋል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕረፍት እንዳያታልለን እንጠንቀቅ። በ1974 በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ወንጀለኛው ቶሎ እንዲገኝም ፈለገ። በ1975 ስድስት ሰዎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ኋላ ግን የፖሊሶቹ ቃልና የላቦራቶሪው ምርመራ የማይታመን ሆኖ ስለ ተገኘ በ1991 ተለቀቁ። ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር ከረዱትም አንዱ በ1985 «ወርልድ ኢን አክሽን» በተባለው ፕሮግራም የቀረበው የቴሌቪዥን ዘገባ ነበር። በድራማ በአንድ ወይም በሁለት ምሽት የሚገለጠው እውነት በእነዚህ ሰዎች ሕይወት 16 ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ ከእነዚህ ድራማዎች ልንማር የሚገባን የነፍሰ ገዳዩን ስም ሳይሆን የመርማሪውን ጥንቃቄ ነው። መልካም መርማሪ በመጀመሪያ የተጠረጠረውን ሰው ወንጀለኛ ነው ብሎ አይደመድምም። እኛ ግን ከክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ በጠፋ ጊዜ ልብሱ ያደፈውን ልጅ አስቀድመን የምናይ ከሆነ፥ ብዙ ድራማ አይተን ምንም አልተማርንም ማለት ነው። ነገ ከመካከላችን ዳኛ፥ ፖሊስ፥ ጋዜጠኛና ሐኪም ይወጣል። የአንድ ንጹሕ ሰው ዕድሜ በእጃችን ሲወድቅ፥ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጥያቄ ጨምረን ለመጠየቅ ያብቃን።