የታንክ አምሳያ መቀባት ጨዋታ ብቻ ነውን?

 

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በየማትናሱ የእጅ ሥራ ክፍልና በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ልጆች ከፕላስቲክ ስለሚገጣጥሟቸው ትንንሽ ታንኮች እንነጋገራለን። በዕብራይስጥ "ዴጌም" ይሏቸዋል፤ እኛ አምሳያ እንበላቸው። በተለይም ልጆቹ አምሳያውን ስለሚቀቡት ዥንጉርጉር ቀለም፣ ይኸውም ታንክን ከጠላት ዓይን ለመሰወር ስለሚቀባውና በዕብራይስጥ "ሃስቫአ" ስለሚባለው እናነሣለን።

በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለሆንሁ ወላጆች ብዙ ነገር ያወያዩኛል። በዚህ ነገር ላይ የሚነሡት ቅሬታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው፣ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ገና በመጫወቻ ጊዜውን ያጠፋል የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። በአገራችን በጦርነቱ ዘመን እውነተኛ ታንክ በደጃቸው ሲያልፍ ያዩ ወላጆች አሉ። ለእነርሱ ታንክ ማለት የሸሹበት መንገድና የቀበሩት ሰው ነው። ልጃቸው ያንኑ ነገር በፍቅር ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ሲያቆመው ምን እንደሚሉት ይቸግራቸዋል።

ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ዥንጉርጉሩ ቀለም ጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የተሠመረበት ምክንያት አለው፤ እሱም ታንኩ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሕይወት ነው። ልጁ ይህን ምክንያት እያወቀ ከቀባ ትምህርት ላይ ነው ማለት ነው። ወላጁም ቢሆን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚናገረው ነገር አለው። ይህን ለማስረዳት አንድ ታንክ በምሳሌነት እንውሰድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ማቲልዳ የሚባል ታንክ ነበራቸው። ክብደቱ ወደ 27 ቶን፣ የፊት ብረቱ ውፍረት 78 ሚሊ ሜትር ሲሆን 4 ሰዎች ይጫኑበት ነበር። በደህና መንገድ ላይ እንኳ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በ1940 ማብቂያና በ1941 በግብፅና በሊቢያ በረሃ ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። ከእነዚህ ታንኮች ጥቂቶቹ ወደ ኤርትራ ተልከው በ1941 በከረን ጦርነት ተሰልፈዋል። ሽማግሌዎቻችን "የጣሊያን ዘመን" የሚሉት ያበቃው በዚያ ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ፤ ጎንደር ላይ የቀረው የጣሊያን ጦርም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር እጁን ሰጠ። እንግዲህ ልጃችሁ ማቲልዳን ቢገጣጥም፣ አያቶቹ የኖሩበትን ዘመን ታንክ ነው የሚገጣጥመው።

ይህን የሚያክል ብረት በረሃ ላይ እንዴት ይደበቃል? ዛፍ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። እውነቱን ለመናገር ጨርሶ አይደበቅም። ቀለሙ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ቅርጹን ይሰብረዋል። ሰው ከሩቅ ሲያይ ታንክን የሚለየው በዳር ዳሩ ነው፤ ቀጥ ባለው ጠርዙ፣ በክብ አናቱ፣ በሚወጣው አፈሙዙ። እንግሊዞች በ1940 እና በ1941 በረሃ ላይ የተጠቀሙበት ንድፍ በአንድ ብርጋዴራቸው ስም "ካውንተር" እየተባለ ይጠራል። ሦስት ቀለሞች ነበሩት፤ ፈዛዛ የድንጋይ ቀለም፣ መካከለኛ ግራጫና ጠቆር ያለ ግራጫ። ቀለሞቹ በቀጥታ መስመር ተከፍለው በታንኩ ጎንና አናት ላይ በሰያፍ ይወርዳሉ። ፈዛዛው ክፍል ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል፤ ጠቆር ያለው ጥላ ይመስላል። ተኳሹ ታንኩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ወዴትስ እንደዞረ ለመለየት ጊዜ ይወስድበታል። ውስጥ ላሉት አራት ሰዎች ያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ከብት የጠበቀ ሰው ቆቅ በደረቅ ሣር ውስጥ ስትተኛ እግሩ ሥር እስኪደርስ እንደማያያት ያውቃል። ነብር በቅጠል ጥላ ሥር ሲያደባ ነጠብጣቡ ከጥላው ጋር ተደባልቆ አካሉ እንደሚጠፋ ያውቃል። የሚያጋልጠው እንቅስቃሴ፣ የሚያብረቀርቅ ነገርና መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ መሆኑንም ያውቃል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የዕብራይስጥ ወይም የእንግሊዝኛ መመሪያ ይህን አያስተምርም፤ የትኛው ቀለም የት እንደሚቀባ ብቻ ነው የሚናገረው። ምክንያቱን ከቤት ሊማረው ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። አብዛኛው የታንክ አምሳያ የሚሠራው "አንድ ለሠላሳ አምስት" በሚባለው መጠን ነው፤ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ታሚያ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ የታንክ አምሳያ ሲሠራ፣ ባትሪዎቹን ለማስገባት የሚበቃውን ስፋት ፈልጎ በዚህ መጠን ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉት። በዚህ ሂሳብ 5 ሜትር ከ60 የሚረዝመው ማቲልዳ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልጁ መስመሩን በ1 ሚሊ ሜትር ቢያዛባ በእውነተኛው ታንክ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንዳዛባ ይቆጠራል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የፕላስቲኩ ክፍሎች በለብ ያለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባሉ። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለባቸው ቀለም አይዝላቸውም። ከደረቁ በኋላ ይገጣጠማሉ። ቀጥሎ "ፕራይመር" የሚባለው የመሠረት ቀለም በስሱ ይቀባል። ወፍራም ቀለም የብሎኖቹን ራስ ይውጣል፤ ታንኩም ከብረት የተሠራ ሳይሆን በጭቃ የተለሰነ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት፣ እያደረቁ ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ከመሠረቱ በኋላ ከሦስቱ ቀለሞች ፈዛዛው መላው አካል ላይ ይቀባል። ጨለማ ቀለም ፈዛዛውን በቀላሉ ይሸፍነዋል፤ ፈዛዛ ግን ጨለማውን ለመሸፈን ይቸገራል። በደንብ ሲደርቅ መስመሮቹ በእርሳስ በስሱ ይሠመራሉ። እዚህ ላይ የታንኩ አናት ወደ ፊት መዞር አለበት። የካውንተር መስመሮች ከታችኛው አካል ወደ አናቱ ሳይቋረጡ እንዲያልፉ የታሰቡ ስለሆኑ፣ አናቱ ዞሮ ከተሠመረ ንድፉ ትርጉሙን ያጣል።

ከዚያም የወረቀት ፕላስተር በመስመሩ ላይ ተለጥፎ ጠርዙ በጥፍር ይጫናል። አንድ ጠቃሚ ብልሃት ልንገራችሁ። ሁለተኛውን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በዚያው በፈዛዛው ቀለም አንድ ጊዜ አልፉበት። ወደ ውስጥ የሚሰርገው ከሥር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አይታይም፤ ክፍተቱንም ይደፍነዋል። ቀጥሎ የሚቀባው ግራጫ የሚሾልክበት አያገኝም። ፕላስተሩ ሲነሣ ወደ ላይ አይነቀልም፤ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይላጣል። ለሦስተኛውም ቀለም እንዲሁ ይደረጋል።

ሁሉም ታንክ ቀጥታ መስመር የለውም። ዳሩ የደበዘዘ፣ እንደ ደመና የተጠማዘዘ ንድፍ ያላቸውም አሉ። ለእነዚህ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የሚሸጠው ሊጥ መሳይ ማጣበቂያ ይጠቅማል፤ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ በመስመሩ ላይ ይተኛና በአየር የሚረጭ ቀለም ሲረጭበት ዳሩ ለስለስ ብሎ ይወጣል። የእኛ አገር ታንኮች ደግሞ፣ በ1979 አገልግሎት የጀመረችው መርካቫ ጭምር፣ በብዛት ወደ አሸዋ የሚያደላ አንድ ወጥ ቀለም ነው ያላቸው። ጀማሪ ልጅ በአንድ ቀለም ጀምሮ ወደ ሦስት ቢያድግ መልካም ነው።

ሌላው ነገር የቀለሙ ድምቀት ነው። አንድ ሰው አምሳያውን ከ30 ሴንቲ ሜትር ሲያይ፣ እውነተኛውን ታንክ ከ10 ሜትር ተኩል እንዳየ ይቆጠራል። ራቅ ያለ ነገር ደግሞ ቀለሙ ይፈዛል፤ ተራራ ከሩቅ እንደሚደበዝዝ ማለት ነው። ስለሆነም ልምድ ያላቸው ቀቢዎች ከዕቃው በወጣው ቀለም ላይ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ይጨምራሉ። ያለዚያ ትንሹ ታንክ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል።

ልጆቻችን ከዚህ ሥራ የሚያገኙት ሌላም ጥቅም አለ፤ የተነገራቸውን ማጣራት ይለምዳሉ። ለብዙ ዓመታት የካውንተር መካከለኛ ቀለም ሰማያዊ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በሙዚየም የቆሙ ታንኮች እንኳ ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀብተዋል። በኋላ የጊዜው የጦር ሠራዊት መመሪያና የቀለም ቁጥሮች ሲመሳከሩ፣ ቀለሙ ቁጥር 28 "ብርማ ግራጫ" የሚባለው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ መሆኑ ታወቀ። የሣጥን ሥዕል ማስረጃ አይደለም። ይህን በታንክ የተማረ ልጅ በሌላም ነገር ይጠቀምበታል።

ስለ ጤና ሳልናገር አላልፍም። ቤቶቻችን ጠባብ ናቸው፤ ሕፃናትም አብረውን አሉ። በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ይመረጥ። በቲነር የሚቀጥን ቀለምና በቆርቆሮ የሚረጭ ቀለም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራባቸው፤ መስኮት ይከፈት፣ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቲነር ካለበትም እሳት አይቅረብ። ቀለም የተበጠበጠበት ብርጭቆና ሳሕን ተመልሶ ለምግብ አይዋል። ስለታም ምላጭና ፈጣን ማጣበቂያ ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጡ።

ከወላጆች የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ለልጁ የሣጥን ክዳን ያህል ቦታ ስጡት፤ ጠረጴዛውን ስትጠርጉም ትንንሾቹን ክፍሎች እንደ ጥራጊ አትጣሉ። የአንዲት ትንሽ ክፍል መጥፋት የሁለት ሳምንት ሥራ ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ሠርቶ ሲያሳያችሁ "ጎበዝ" ብላችሁ አትለፉ። ይህ መስመር ለምን እዚህ ተሠመረ? ሾፌሩ የት ይቀመጣል? ታንኩ ቢመታ በየት ይወጣሉ? ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጦርነት ያዩ አባት እነዚህን ጥያቄዎች ለልጃቸው አቅርበው ነበር። ልጁ መስኮቶቹን እያሳየ ሲያስረዳ ቆየና "አባዬ፣ አንተስ ያየኸው ምን ዓይነት ነበር?" አላቸው። እኒህ አባት ከዚያ በፊት ስለዚያ ዘመን ለልጆቻቸው ተናግረው አያውቁም ነበር። ሁሉን አልነገሩትም፤ የሚችሉትን ያህል ነገሩት።

ሦስተኛ፣ እናቶችና አያቶችም አትራቁ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ እናቶቻችን ከሸክላ ትንንሽ ሰዎችና እንስሳት እየሠሩ ይሸጡ እንደነበር ታውቃላችሁ። ትልቁን ነገር በመዳፍ ላይ ማሳነስ ከእኛ ቤት የራቀ ሙያ አይደለም። ሴት ልጆችም ይሞክሩት፤ ሥራው የሚጠይቀው ዓይንና እጅ ነው።

ዕድል ያላችሁ ደግሞ ከልጆቻችሁ ጋር ላትሩን ሂዱ። እዚያ ያለው የብረት ለበስ ጦር ሙዚየም፣ "ያድ ላሺርዮን" የሚባለው፣ ከ100 በላይ ታንኮችና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች አሉት። በግቢው የወደቁት ወታደሮች ስም የተጻፈበት ግድግዳ አለ። ልጁ ታንኮቹን አይቶ ሲጨርስ ወደዚያ ግድግዳ ውሰዱት፤ ጥቂት ስሞችንም ያንብብላችሁ። የሚቀባው ቀለም ለምን እንደተፈለገ ያን ጊዜ ይበልጥ ይገባዋል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።