«የአራስ ሞት» ሲባል የማን ሞት ነው?
(በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ የሕፃናትን ሞትና ጤንነት የሚመለከቱ የሕክምና ቃላት የሚል ነው። ርእሱ ለቋንቋ ሊቃውንት እንጂ ለእኛ ለመርፌና ለመዝገብ ሰዎች የሚሆን አይመስልም ይሆናል። ሆኖም እናቶች ታስረው ልጆቻቸው አብረዋቸው ባደጉበት በዚህ በቃሊቲ፣ ቃል ሲሳሳት የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በመጀመሪያ «አራስ» የሚለውን እንመልከት። አራስ የወለደች ሴት ናት፤ አራስ ልጅም አለ። በመዝገብ ላይ «የአራስ ሞት፦ 1» ተብሎ ቢሰፍር፣ የሞተችው እናቲቱ ትሁን ወይም ልጁ፣ ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው በምን ያውቃል? «ሕፃን»ም እንደዚሁ የሚሰፋና የሚጠብ ቃል ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል። በእኛ ሙያ ግን የሕፃናት ሞት ሲባል አንድ ዓመት ሳይሞላ የደረሰ ሞት ነው፤ የጨቅላ ሞት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የደረሰ ነው። ሁለቱም የሚሰሉት በሕይወት ከተወለዱ ከ1,000 ልጆች ነው።

«በሕይወት የተወለደ» የሚለው ሐረግ ነው እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደው። እናቲቱ «ሞቶ ተወለደ» ትላለች፤ ቀስ ብሎ ለሚጠይቃት ግን «አንዴ እህ ብሎ ዝም አለ» ትለው ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜ መሠረት፣ ከእናቱ ከተለየ በኋላ አንዴ የተነፈሰ፣ ልቡ የመታ፣ እትብቱ የተርገበገበ ወይም ሰውነቱን ያንቀሳቀሰ ሁሉ በሕይወት የተወለደ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ሞቶ የተወለደ ሳይሆን ተወልዶ የሞተ ነው። ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሞቶ ከተወለደ የምንመረምረው እርግዝናውንና ምጡን ነው፤ ተወልዶ ከሞተ ግን ሰውነቱ ወዲያው ተጠርጎ ደርቋል ወይ? ሙቀት አግኝቷል ወይ? ትንፋሽ እንዲጀምር የሚረዳው ሰው አጠገቡ ነበር ወይ? እያልን ራሳችንን እንጠይቃለን። «ሞቶ ተወለደ» የሚለው አነጋገር አንዳንድ ጊዜ እናቲቱን ሳይሆን እኛን የሚያጽናና ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ባህላችንም የራሱ ድርሻ አለው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ 28ቱ ቀን ከዚያ አስቀድሞ ያልቃል። እንግዲህ ጨቅላው የሚሞተው የክርስትና ስም እንኳ ሳይኖረው ነው፤ ስም የሌለውን ሞት ደግሞ መዝገብ በቀላሉ ይዘለዋል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። የጨቅላዎቹ ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሰው።

ቃሊቲ ሲነሣ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ጉዳይ አለ። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል በእሥር ላይ ሳለች በሰኔ 1998 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኑ ያለ ቀኑ ክብደቱም አንሶ መወለዱ በጊዜው ተዘግቧል። ፖለቲካውን ለሌሎች ትቼ የሙያችንን ላንሣ። «ያለ ቀኑ የተወለደ» ማለት ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ነው፤ «ክብደቱ ያነሰ» ማለት ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ነው። ቀኑን ጨርሶ ተወልዶም ክብደቱ የሚያንስ አለ። ሁለቱንም «ደካማ ልጅ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ አንዱ ሳንባው ገና እንዳልበሰለ፣ ሌላው ምናልባት በማኅፀን ሳለ ምግብ እንዳጠረው ለተረካቢው አልነገረውም።

ፅንስን በሚመለከት ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። «አስወረዳት» እና «አስወረደች» የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ነው፤ አንደኛው ሕመም ሲሆን ሁለተኛው በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ድርጊት ነው። በማረሚያ ቤት ክሊኒክ ውስጥ በጥድፊያ የተጻፈች አንዲት ቃል ወዴት ልታደርስ እንደምትችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

የእናቶችን ቋንቋ መናቅ ግን አይገባም። ዛሬ በየሕክምና መጽሐፉ የምናነበው «ክዋሽኮር» በጎልድ ኮስት፣ በዛሬይቱ ጋና፣ የጋ ቋንቋ ተናጋሪ እናቶች ቃል ነበር፤ ታናሽ ሲመጣ ከጡት የተገፋውን ልጅ ሕመም ያመለክታል። ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ እናቶቹን አዳምጣ ቃላቸውን በ1935 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ይህችው ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሲንጋፖር በቻንጊ እሥር ቤት ታስራለች፤ እዚያ የተወለዱት 20 ሕፃናት ሁሉ የእናታቸውን ጡት ጠብተው ሁሉም መትረፋቸውን ኋላ ተናግራለች።

በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የባንኮክ ደንቦች ከእናቱ ጋር ማረሚያ ቤት የሚኖር ልጅ እንደ እሥረኛ ሊቆጠር ከቶ አይገባም ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብም ልጁ በእሥር ቤት መወለዱ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳይገለጽ ያዝዛል። በእውነትም የሚታረም ነገር የለበትምና። ነገር ግን ከእሥረኞች መዝገብ ይውጣ ሲባል ከጤና መዝገብም ይውጣ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ «አራስ» የሚለውን ዓምድ በመሥመር ከፍላችሁ አንዱን «እናት»፣ ሁለተኛውን «ጨቅላ» በሉት። በጨቅላው ሥር የተወለደበትን ሰዓት፣ ክብደቱንና ተንፍሶ እንደ ሆነ የምትጽፉበት ቦታ ተዉለት።