የባሮ ዳር ሜዳና የመምህሩ መዝገብ

የተወደዳችሁ ተመራቂ መምህራን፤

ስለ ትምህርት ክቡርነት መምህሮቻችሁ በተሻለ አንደበት ነግረዋችኋልና እኔ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በምረቃ ቀን ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ይኸውም በወንዝ ዳር በቆመች የገጠር ከተማ ስለሚኖረው ስለ እግር ኳስ ጨዋታና ከዚያ ስለሚወጡት ዝነኞች ነው።

ይህች የጋምቤላ ከተማ በሩቅ አገር ስሟ የተሰማው በወንዟ በባሮ ምክንያት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከፈቀዱ በኋላ፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላ ጊዜ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይንና ሶባትን እየተከተሉ እስከዚህ ይደርሱ፣ ከደጋው የወረደውንም ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል፤ ነጋዴውም እስከ ከርሞ ይጠብቃል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የባሮ ውኃ ተጉዞ በሚያልፍባት በዚያችው በካርቱም፣ በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥርተዋል፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ክቡር ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ወዲያው በዚያው ከተማ ተደረገ፤ ደቡብ አፍሪካ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ እንቢ በማለቷ ከውድድሩ ስትወጣ፣ የእኛ ልጆች ለፍጻሜ ቀርበው በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን፣ በጥር 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ያንኑ ባላጋራ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፈው፣ አምበላቸው ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ተቀበለ፤ በዚያ ቀን ግብ ካስቆጠሩት አንዱ የሆነው የመንግሥቱ ወርቁም ስም እስከ ዛሬ ከአፍ አልወረደም።

እነዚያ ጀግኖች ከወዴት እንደ መጡ መርምሩ። እነሱን ያሳደጓቸው በይበልጥ አዲስ አበባ፣ አሥመራና ድሬዳዋ ናቸው፤ እነዚህም ባቡር የገባባቸው፣ ፋብሪካ የቆመባቸው፣ የጦር ሠራዊት የሰፈረባቸው ከተሞች ነበሩ። ክለብን የሚያቋቁም፣ ማልያ የሚገዛ፣ ተጫዋቹን ቀን በሥራ ማታ በልምምድ የሚያኖር ፋብሪካው ወይም መሥሪያ ቤቱ ስለ ነበር፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጡትም ሰዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በክለቦች ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ክለብ በሌለበት አገር የተወለደ ልጅ እግሩ ምንም ያህል ቢሠለጥን የሚያየው አልነበረም። ባሮ ቡናን ወደ ካርቱም ሲያሻግር ኖረ እንጂ ተጫዋችን ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ መንገድ አልነበረውም። በዚያ ዘመን በዚህ በባሮ ዳር አሸዋ ላይ እነማን እንደ ተጫወቱ፣ ማን በረኛ ማን አጥቂ እንደ ነበረ የሚነግረን ጽሑፍ አለመኖሩ ልቤን ያሳዝነዋል።

በእኛ ዘመን መንገዱ ጥቂት ተከፍቷል። የጋምቤላው ልጅ ኡመድ ኡኩሪ በአዲስ አበባ ክለቦች ካበበ በኋላ ወደ ግብፅ ተሻግሮ በዚያ አገር ሊግ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል፤ ጋቶች ፓኖምም ከዚሁ ከጋምቤላ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ቡና ክለብ አማካይ ሆኖ ችሎታውን ካስመሰከረ በኋላ ወደ ሩስያ ሄዶ የአንዢ ማካችካላን ማልያ ለብሷል። ሁለቱም የአገራቸውን ባንዲራ በደረታቸው ላይ ይዘው ተሰልፈዋል። እናንተ ስማቸውን ከእኔ በፊት ታውቃላችሁ፤ እኔ የማስበው ግን እነርሱ ባደጉበት ሜዳ አብረዋቸው ስለ ተጫወቱት፣ ምናልባትም በአንዳንድ ነገር ይበልጧቸው ስለ ነበሩትና ማንም ሳያያቸው በዚያው ስለ ቀሩት ልጆች ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አቅራቢያ በምትገኝ ፓው ግራንጂ በምትባል ትንሽ የሽመና ፋብሪካ መንደር፣ እግሮቹ ተጣመው የተወለደ ጋሪንሻ የሚሉት ልጅ ነበር። ወፍ በማደንና ዓሣ በማጥመድ አደገ፤ በፋብሪካው ተቀጠረ፤ ለፋብሪካውም ቡድን ተጫወተ። ዓይን ያለው ሰው አይቶት ወደ ታላቁ የቦታፎጎ ክለብ ባይወስደው ኖሮ፣ በ1950 ዓ.ም. በስዊድን፣ በ1954 ዓ.ም. በቺሊ አገሩን የዓለም ዋንጫ ባለቤት ካደረጉት አንዱ የሆነውን ያን ሰው መንደሩ ብቻ ታውቀው ነበር። ዝናውም ከተሰማ በኋላ ወደዚያች መንደር እየተመለሰ ከጥንት ጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወት እንደ ነበር ሁሉም ይመሰክራል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለእናንተ ለምን እነግራችኋለሁ ብትሉ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬ፣ ወደ አቦቦ፣ ወደ ጎግ፣ ወደ ዲማ ሄዳችሁ በገጠር ትምህርት ቤት ልጆች ፊት የምትቆሙት እናንተ ስለ ሆናችሁ ነው። ክለብ በሌለበት ስፍራ የልጁን እግር አስቀድሞ የሚያየው መምህር ነው፤ ከመምህሩ ቀጥሎም ማንም የለም። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳርን ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ የቅዱሳኑ ገድል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተሸራርፎ ይጠፋ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የገጠር ተጫዋቾችም ዜና ጸሐፊ ካላገኘ ሽማግሌዎቹ ባረፉ ጊዜ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መዝገብ ይኑር፤ የተጫዋቹ ስም ከነአያቱ፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የሚጫወትበት ስፍራ፣ ግጥሚያው የተደረገበት ቀንና ውጤቱ ይጻፍበት። አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ «እዚህ ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ የሚመልስለት መምህር ያግኝ።

ሴቶች ልጆችም በዚህ መዝገብ ይግቡ፤ ይህን አደራ አጥብቄ እላለሁ። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ እስከ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ ስትጫወት አይተናል፤ በባሮ ዳር ውኃ ቀድተው የሚመለሱት ልጆች የጨርቅ ኳስ ቢሰጣቸው ምን እንደሚሠሩ ግን ገና አልተጠየቀም።

የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ የማጃንጉ፣ የኦፖውና የኮሞው ልጅ፣ ከደጋም መጥቶ እዚህ የተወለደው፣ በአንድ ቡድን ተሰልፈው አንዱ ለሌላው ኳስ እንዲያቀብል አድርጉ። ይህች ምድር በወንድማማቾች መካከል የተፈጸመ ብዙ ኀዘን አይታለች፤ ኳስ ያን ኀዘን ያሽረዋል ብዬ አልናገርም፤ ነገር ግን በአሥር ዓመቱ ለጎረቤቱ ልጅ ኳስ ማቀበልን የለመደ፣ ጎልማሳ በሆነ ጊዜ ያንን ሰው በስሙ ይጠራዋል፤ በስም መጠራራት ደግሞ ከአለመተዋወቅ እጅግ የራቀ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ወደ ተመደባችሁበት ስትደርሱ የግብ ቋሚ ከመትከላችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ በክረምት ውኃው እስከ ወዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ደረቅ መሬት እንደማይሰጥም እነርሱ ያውቃሉ። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው አሸዋ ለልምምድ መልካም ነው፤ ባዶ እግር ያለው ልጅ አይጎዳበትም፤ የሚጠነክርበትም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ከፍ ያለ ስፍራ ያስፈልጋችኋልና ያንን አስቀድማችሁ ከቀበሌው ጋር ተስማምታችሁ አስከልሉ። ከዚያም ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወራችሁ እንደ ሆነ፣ መዝገቡን ከዕቃችሁ ጋር አታሥሩት፤ ለሚተካችሁ መምህር በፊርማ አስረክቡት፤ እርሱም በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን በስማቸው ይጥራቸው።