ስምና መሬት
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ከመካከላችን ለመስክ ሥራ ወጥቶ በቶዮታ ያልተሳፈረ አለ ለማለት ያስቸግራል። በመኪናው ላይ የተጻፈው ስም የእርሻ ስም መሆኑን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። «ቶዮ» የተትረፈረፈ ማለት ሲሆን፣ «ታ» ደግሞ የሩዝ ማሳ ነው። ይህም ማሳ በጃፓኖች ጽሕፈት በመስቀለኛ መሥመር ለአራት የተከፈለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሣላል። በሆንዳ ስም መጨረሻ ያለው፣ የማዝዳ መሥራች የቤተሰብ ስም በሆነው በማትሱዳም መጨረሻ ያለው ይኸው ምልክት ነው። ጆሮ አንዱን «ታ»፣ ሌላውን «ዳ» ብሎ ይሰማል፤ ዓይን ግን በሁሉም ውስጥ ማሳውን ያያል።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ሺቡያ የተባለው የቶኪዮ ክፍል ነው። የስሙ መጨረሻ «ያ» ሸለቆ ማለት ነው፤ የባቡር ጣቢያውም በእርግጥ በሸለቆው ግርጌ ይገኛል። ታኒጉቺ በሚለው የቤተሰብ ስም ውስጥ ይኸው ምልክት «ታኒ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጕሙም የሸለቆ አፍ ነው። በ1875 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ተራው ሕዝብ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ባስገደደ ጊዜ፣ ብዙዎች ስማቸውን ከሚኖሩበት መሬት ወሰዱ። መሬቱ ለሰዉ ስም ሰጠ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለምሳሌ የወሰድሁት የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ነው፤ ማለት መካነ ሰላምን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ወግዲንና አጎራባቾቻቸውን። እዚህ ግእዝ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ በአንድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መካነ ሰላም ያለ ትርጓሜ የሚገባ ግእዝ ሲሆን፣ የሰላም ሥፍራ ማለት ነው፤ በጃናሞራ መካነ ብርሃን፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወንድሞቹ ናቸው። ቱሉ አውሊያ በሚለው ስም ደግሞ የኦሮምኛው ኮረብታና የዐረብኛው ቅዱሳን ተጋብተዋል።

በኦሮምኛ «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ፣ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ጦር የከተተባት ወረ ኢሉ፣ ሁሉም የወገን ስሞች ናቸው። እንግዲህ በወሎ የሆነው የጃፓን ተቃራኒ ነው፤ በዚህ ሰዉ ለመሬቱ ስም ሰጠ። ስለዚህ መሐንዲስ ከ«ወረ» የትውልድ ታሪክ እንጂ የመሬት አቀማመጥ መጠበቅ የለበትም። «ለገ» ግን ወንዝ ነው። ለገሂዳን ያነበበ ወራጅ ውኃ ይጠይቅ። የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ለገዳዲ ሲተረጐም የጠጅ ወንዝ ነው፤ ግድቡ ከመሠራቱ አስቀድሞ ስሙ ስለ ውኃው መስክሮ ነበር። «መልካ» ደግሞ የወንዝ መሻገሪያ ነው። በዋቢ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የመልካ ዋከና ጣቢያና በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ በዚሁ ቃል ይጀምራሉ። ለድልድይ ቦታ የሚፈልግ ሰው ይህን ቃል በካርታ ላይ ሲያገኝ ጣቱን ሊያሳርፍበት ይገባል።

ነገር ግን ድምፅ ያታልላል። ለገሃር ከለገሂዳና ከለገዳዲ ጋር ተሰልፎ ቢታይ ሌላ ወንዝ ይመስላል፤ ቃሉ ግን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የምድር ባቡር ጋር የመጣ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ትርጕሙም ጣቢያው ማለት ነው። በጃፓን ጽሕፈት ወንዝና ጣቢያ በሁለት ምልክት ስለሚጻፉ እንዲህ ያለው ስሕተት ባልተፈጠረ ነበር። በእርግጥ ፊደላችንም ድሮ ከዚህ የተሻለ ይለይ ነበር፤ በግእዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። ዛሬ ሁለቱን እንደ ልባችን እናቀያይራቸዋለን።

«ደብር»ም ጥንቃቄ ይሻል። በግእዝ ተራራ ነው፤ ስለዚህ ደብረ ሲና የሲና ተራራ ማለት ነው። በጊዜ ብዛት ግን ቃሉ ገዳምንና ቤተ ክርስቲያንን ያዘ። ደብረ ብርሃን የተንጣለለ ሜዳ ላይ ናት፤ «ደብረ» የሚለውን ብቻ አይቶ የመንገድ ዳገት የሚያሰላ ይሳሳታል። ከዚህም በላይ ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር ያለችው የሸዋ ከተማ ስም ስትሆን፣ የወሎው ቦረና ወረዳም በዚሁ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ቦረና ደግሞ በደቡብም አለ። የዕቃ መላኪያ ደብዳቤ ላይ «ቦረና» ብቻ ብሎ መፈረም ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ስለ ወግዲ አንድ ነገር ልጨምር። በላቲን ፊደል የተዘጋጁ ካርታዎችና ሠንጠረዦች ይህን ስም አንዱ ወግዲ፣ ሌላው ወግዴ፣ ሦስተኛው ወጊዲ ተብሎ እንዲነበብ አድርገው ይጽፉታል። ለኮምፒዩተር እነዚህ ሦስት ቦታዎች ናቸው። የአንድ የውኃ ጕድጓድ ጥልቀትና የምንጩ አቅም በአንዱ አጻጻፍ ተመዝግቦ፣ የጥገናው ጥያቄ በሌላው ቢመጣ፣ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ጕድጓዱ አለ እየተባለ እናቶች ጄሪካን ተሸክመው ገደል ይወርዳሉ። የላቲን ፊደል «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይለይ፣ ወደ ግእዝ ፊደል ሲመለስ ስሙ ሌላ ስም ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ትርጕሙን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ውድ አይደለም። በመስክ መመዝገቢያ ቅጾቻችን ላይ፣ ከኬክሮስና ከኬንትሮሱ አጠገብ፣ ስሙ በግእዝ ፊደል የሚጻፍበት፣ የቃሉ ቋንቋ የሚጠቀስበትና የአገሬው ሰው የሚሰጠው ትርጕም የሚሰፍርበት ሦስት ዓምድ ይጨመር። ትርጕሙ የሚጠየቀውም ከሊቀ መንበሩ ብቻ አይሁን። በክረምት የት የት እንደሚሞላ፣ በበጋ የት የት እንደማይደርቅ የሚያውቁት እረኞችና ውኃ ቀጂዎች ናቸው፤ ካርታ ላይ ያልወጡት ትንንሽ ስሞች ሁሉ ያሉትም በእነርሱ አፍ ነው።