አዲስ አበባ ልትገቡ ነው?

አቅራቢ 1፦ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ አድማጮቻችን ዛሬ ምን እንበላቸው?

አቅራቢ 2፦ ከቤቱ በፊት ሰፈሩን እዩ እንበላቸው። ሥራው ቦሌ ሆኖ ኪራዩ ስለረከሰ ብቻ አየር ጤና ቢገቡ፣ ያተረፉትን ታክሲ ይበላዋል።

አቅራቢ 1፦ የጠዋቱ ሰልፍስ!

አቅራቢ 2፦ እሱንም ጨምሪበት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደግሞ ደላላውን ሳይሆን የጎረቤት ተከራይን ጠይቁ።

አቅራቢ 1፦ አከራዩ «የስድስት ወር በቅድሚያ» ቢልስ?

አቅራቢ 2፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ አይፈቅድም። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ ይመዝገብ። ትንሹ የውል ዘመን 2 ዓመት ነው።

አቅራቢ 1፦ ታክሲ ላይስ?

አቅራቢ 2፦ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ዘላችሁ አትግቡ፤ «በየት በኩል ነው?» በሉ። ዝርዝር ብር ያዙ። መውረጃችሁ ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ነው፤ ድምፃችሁን ግን አውጡ።

አቅራቢ 1፦ ከድሬዳዋና ከአፋር ለምትመጡት እኔ ልጨምር፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ያለ ሹራብና ያለ ጃንጥላ እንዳትመጡ!