በሥዕል ስለሚነገሩ ጀግኖች



ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበረውን ሱፐርማንን ልጆቻችን ያውቁታል። እነማን እንደ ፈጠሩት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ድርሰታቸውን ይዘው ለዓመታት ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ አንድ አሳታሚ በ1938 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በ130 ዶላር ገዛቸው፤ መብቱም ከነጀግናው አብሮ ተሸጠ። መጽሔቱ በ10 ሳንቲም ሲቸበቸብ አሳታሚው ከበረ፤ ደራሲውና ሠዓሊው ግን በክስ ሲንከራተቱ ኖረው፣ ጡረታ የተቆረጠላቸው በ1975 ነው። ባቡር የሚያቆመውን ኃያል የፈጠሩ ሰዎች በአንዲት ፊርማ መረታታቸው እጅግ ያስገርማል።

በእኛም አገር በ2018 ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ «ሐዊ» የተባለችውም ጀግና ተከተለችው።

ወደ ቱሊ ጉሌድና ወደ ጅግጅጋ ብንሻገር፣ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ የተጠራለትን ገራድ ዊልዋልን እናገኛለን። በተረቱ ገራዱ አይበርም፤ ሰውን በእንቆቅልሽ ይፈትናል እንጂ። «ሰውን ከሰው የሚያፋቅረውንም የሚያጣላውንም የበግ ብልት አምጡ» ቢል፣ ባለጠጎቹ የሰባ ሥጋ አቀረቡ። አንድ ድኻ ግን በሴት ልጁ ምክር ጉሮሮውን አመጣ፤ የሚያጣላው ስስት፣ የሚያፋቅረው ተካፍሎ መብላት ነውና። ተረቱን አሚን አሚር ሥሎት በ2007 በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ታተመ፤ የታተመው ግን በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ነው። ጅግጅጋ ላይ የሚያሳትመው ሰው ቢነሣ፣ ከሥዕሉ አስቀድሞ ውሉን አጥብቆ ያንብብ።